ከጋቢው ሥር የበራ ሶላር

ማክሰኞ

ዛሬ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ጀመርን። አሰልጣኟ ሥራ ያጣነውን ተመራቂዎች አንድ በአንድ እያስነሣች «ምን ልትጀምሩ አሰባችሁ?» ትላለች። አንዱ ዶሮ አለ፣ ሌላዋ ሳሙና። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ቆሜ ቀረሁ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ከተመረቅሁ ወዲህ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ከማንበብ በቀር ያደረግሁት የለም ልበል? ደግነቱ አልሳቀችብኝም። «ጎረቤቶችሽን ቤታችሁ ምን ተበላሸ ብለሽ ጠይቂ» አለችኝ። ሲሉት ቀላል ነው። በሰው ደጅ ቆሞ መጠየቅ ለእኔ ከፈተና ይከብዳል።

ረቡዕ

ጠየቅሁ! የመጀመሪያውን ደጅ ሁለት ጊዜ አልፌው ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቀለለኝ። የሁሉም ቤት ችግር አንድ ነው፦ የሞተ የሶላር መብራት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። የሚጠግን ስለሌለ በኩራዝ ያመሻሉ።

የአንዱን ፈታሁት። ዝገት ብቻ ነበር። በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው በራ። ሌላው እምቢ አለኝ። ይሁን፣ አንዱ በርቷል!

ዓርብ ገበያ ላይ ብቀመጥስ? ከገጠር የሚመጣው ሰው ሁሉ ሶላር አለው። ግን መሬት ላይ፣ ከሽንኩርት ሻጮች ጎን፣ አብረውኝ የተማሩት እያዩኝ...

ሐሙስ

ለአባባ ነገርኳቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ቢሮ ገብቼ ሊያዩኝ እንደሚመኙ ስለማውቅ ዓይናቸውን ሳላይ ነው የተናገርኩት። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

እራት ላይ ነው የመለሱልኝ። «እኔ ስለ ማርያም እያልኩ በየደጁ ቁራሽ ለምኜ ነው የተማርኩ» አሉ። «መጀመሪያ የራሴን ቅኔ ቆጥሬ ያሰማሁ ቀን ተማሪው ሁሉ ሳቀብኝ። የኔታም ሳቁ።» ታዲያ ምን አደረጉ አልኳቸው። «ምን አደርጋለሁ፣ በማግስቱ ሌላ ቆጥሬ ሄድኩ። በይ ብይ።»

ሂጂም አትሂጂም አላሉኝም። ከእራት በኋላ ግን የእናቴን ሰሌን አውርደው ደጅ ላይ ሲያራግፉት ሰማሁ።

ዓርብ

የእናቴን ሰሌን ገበያው ላይ አነጠፍኩ። ጠዋት ማንም አልመጣም። ካቻቢቴዎቼን ደረደርኩ፣ በተንኩ፣ ደረደርኩ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ሲያልፍ ያላየሁ መሰልኩ።

ከዚያ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እናት ሶላራቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይድናል?» የተቆረጠው ገመዱ ነበር። ቀጠልኩት። ግን በዚያ ፀሐይ መብራቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል? እሳቸው ጋቢያቸውን በሁለታችን ራስ ላይ ጣል አደረጉት። ጨለማው ውስጥ ግንባር ለግንባር ልንነካካ ምንም አልቀረንም። ማብሪያውን ተጫንኩት። ፊታቸው ወለል ብሎ ታየኝ። «እሰይ! እመብርሃን ታብራልሽ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ከጋቢው ስንወጣ ሰው ከቦናል።

ከዚያ በኋላ ፋታ አላገኘሁም። ሁሉም ግን አልቀናኝም። የአንድ ጎልማሳ ሶላር ሲያመጣው ደብዘዝ እያለ ይበራ ነበር፤ እጄ ላይ ጭራሽ ድርግም አለ። «ይቺ ናት እንግዲህ ተማርኩ የምትል!» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። እንባዬ ቀረበ። ቀና ስል አባባ ጃንጥላቸውን ይዘው ከሰው ኋላ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየሁም። ይናገሩልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም፤ እኔን ብቻ ያያሉ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩት ሰውዬውን። «ይተዉልኝ። ለሚመጣው ገበያ ሠርቼ አመጣለሁ፤ ካልሆነልኝ ሌላ እተካለሁ።»

«እስቲ እናያለን» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። አባባ መጥተው ጃንጥላውን በራሴ ላይ ዘረጉት። እስኪመሽ እንደዚያው ቆዩ።

ቅዳሜ

ጣቴ ተልጧል፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሏል። የሰውዬውን ሶላር ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ባትሪው ነው የደከመው፤ ከአንድ አሮጌ ሶላር ያወጣሁትን ተካሁበት። አመሻሽ ላይ በራ። ደማቅ አይደለም። እስከ ዓርብ መዝለቁን እንጃ። ሰውዬውም ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እንጃ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ካህናቱ «ልጅዎ ሥራ ያዘች ወይ?» ብለው እንደ ጠየቋቸው ነገሩኝ። ምን መለሱ አልኳቸው።

«ሳትይዝ አልቀረችም፤ ዛሬ ምሳዬን ረሳችው አልኳቸዋ።»

ዘልዬ ተነሣሁ። እውነትም ምድጃው እሳት አልነካውም። እሳቸው ግን በሶላሩ ብርሃን ጫማቸውን እያወለቁ ይስቃሉ።