በቁልፍ የተከፈተችው መኪና

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል።

አንተ በሄድክባት ሌሊት ከመኪና ማከራያችን ግቢ ነጯ መኪና ጠፋች። በሩም አልተፈለቀቀ፣ አጥሩም አልተነካ። በስሙ የምንሠራበት ዋናው ድርጅት ትናንት መርማሪ ላከብኝ።

«በቁልፍ ከተወሰደች ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ተጠያቂዋ የቅርንጫፉ ባለቤት እርስዎ ነዎት» አለኝ። «ትርፍ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል?»

«ከእኔ በቀር ማንም» አልኩት።

እማዬ አጠገቤ ነበረች። «ኧረ ወንዱ ልጄም እኮ...» ብላ ስትጀምር እግሯን ረገጥኳት። መርማሪው ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየን።

ነገ ተመልሶ ይመጣል። ሰሞኑን እንዳትደውል፤ በጓደኛህ እጅ የላክኩልህን ይህን ደብዳቤም አንብበህ ቅደደው። የት እንዳረፍክ ለእኔም አትንገረኝ።

ከሚያይ ዓይን፣ ከሚጠይቅ አፍ ይሰውርህ።

እህትህ