ዱቄት የነካው እጅጌ

ጋምቤላ፣ ጥር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ተሽሎት፣ የፍቼ ብርድም ለቀቅ አድርጎሽ እንዲያገኝሽ ምኞቴ ነው። እንቅልፍስ እንዴት ነው? አሁንም ሌሊት ሌሊት ትነቂያለሽ? እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ከሚያጠምቀኝ ላብ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ አምላክ ይመስገን።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሠርጌ አልመጣም ያልሽበትን ምክንያት በጣቴ ቆጠርኩት፦ ሙቀቱ፣ ወባው፣ ጉልበትሽ፣ የአውቶቡሱ መንገድ። ከዚያ በፊት በጻፍሽልኝ ላይ ግን ከአራቱ አንዱም አልነበረም። እንዲያውም ለሠርጉ ነጠላ ገዛሁ ብለሽኝ ነበር። በሁለቱ ደብዳቤ መሃል እኔ የጻፍኩልሽ አዲስ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ሆነው የሚቆሙልኝ የቢሮአችን አስተዳዳሪ ጋሽ ወንዳፍራሽ የድሮ የፒያሳ ሰው መሆናቸውን። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

እማዬ፣ እዚህ ያለ እናት ሠርግ የለም። የእጮኛዬ አክስት እማማ ኛቹዎል ከኢታንግ ድረስ መጥተው አነጋግረውኛል። በእነሱ ቤት ደንብ ለጥሎሽ ከሚሰጠው ከብት መሃል ለሙሽራዋ እናት የምትደርስ ላም አለች። እናትየዋ ተገኝታ ካልተቀበለች ነገሩ እንዳልተቋጨ ነው የሚቆጠረው። እናቴ አሟታል፣ በደብዳቤ ፈቅዳለች ብላቸው ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው ትክ ብለው አዩኝ።

«ደብዳቤ ላም አያልብም» አሉኝ።

ስለዚህ ቆርጠሽ ከቀረሽ እኔም ቀርቻለሁ። ግን ይህን የምጽፈው ላስጨንቅሽ አይደለም። በታኅሣሥ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ያሳለፍኩትን አንድ ምሽት ልነግርሽ ነው። ፍቼ ብቅ ሳልል መመለሴን ይቅር በይኝ። ሥልጠናው ነው ብል እዋሻለሁ፤ እሑድ ሙሉ ቀን ነፃ ነበርኩ። ከቅዳሜው ማታ በኋላ ግን ፊትሽ ቆሜ ምን እንደምል አላወቅኩም። በወረቀት ይቀለኛል።

ጋሽ ወንዳፍራሽን ታውቂያቸው ዘንድ ልንገርሽ። ክልል ከሆንን ወዲህ ጋምቤላ ውስጥ አዲስ ቡና ቤት በተከፈተ ቁጥር አንዴ ይገቡና፣ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ይሄ ቡና ቤት አይደለም» ብለው ይወጣሉ። እውነተኛውን አሳያችኋለሁ እያሉ ሲዝቱብን ኖረው ያን ቅዳሜ እኔንና አንጀሊናን ይዘውን ወጡ። አንጀሊና አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት፤ አዲስ አበባን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ብርዱ አንገብግቧት የሆቴሉን ብርድ ልብስ ደርባ ወጣች። ጋሽ ወንዳፍራሽ አፍረው አንድ አሥር እርምጃ ያህል ቀድመውን ይሄዱ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት የካሴት መሸጫ ሆኖ ጠበቀን። ጋሽ ወንዳፍራሽ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ለቅሶ የደረሱ ነው የሚመስሉት። ሁለተኛው ግን አለ። ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች ድራፍታቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው ዳር ዳሩ የጠቆረ ትልቅ መስታወት አለ። ጋሽ ወንዳፍራሽን ከመሃላቸው ያወቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔ አምቦ ውሃ ጠጣሁ፤ በኋላም፣ አትቆጪኝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ።

ሦስተኛው ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ከዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ቤት ነው። ጥቁሩ ባንኮኒ ይሉታል። ባንኮኒው ጥቁር እንጨት ነው፤ ክርን ብዛት አጉድጉዶታል። ከኋላው የቆሙት ጋሽ ዳዊ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከዚያ ቦታ አልተነቃነቁም። አሁንም ሲቀዱ ጠብ አያደርጉም። ደህና ናቸው ለማለት ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የመጀመሪያዋን መለኪያ እንደጨለጡ ስለ አንዲት ሴት ማውራት ጀመሩ። ጊዜው የሰዓት እላፊው ዘመን ነው። ማታ በሩ ከተዘጋ ውስጥ ያለ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም። አንድ ሌሊት አብዮት ጠባቂዎች እሳቸውን ፍለጋ መጥተው በሩን ደበደቡት። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። አንዲት አስተናጋጅ ግን ሽርጧን ፈትታ ወገባቸው ላይ አሰረችና ብርጭቆ ወደሚታጠብበት ገንዳ ገፋ አደረገቻቸው። ለሰዎቹም የእናቴ ልጅ ነው፣ እጁ አይረባም ብላ ሳቀች። ሰዎቹ አብረዋት ስቀው ሄዱ። ጋሽ ወንዳፍራሽ እስኪነጋ ብርጭቆ ሲያጥቡ አደሩ።

«ሦስት ሰበርኩ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ» አሉን። «ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። በዚያ ዘመን ስም መጠየቅ ደግ አልነበረም።»

ይሄኔ ጋሽ ዳዊ ጠርሙሱን አስቀመጡና ሴትየዋን አስታወሷት። ያቺ ዱቄቷ? አሉ። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ለልጅቷ የምነግራት ዳቦ ቤት ነው የማድረው ብዬ ነው ትል ነበር። ንጋት ላይ ከዚህ ስትወጣ ፊቷን ትታጠብና ጎን ካለው ዳቦ ቤት ሁለት ትኩስ ዳቦ ትገዛለች። ከዚያ የጥቁር ሹራቧን እጅጌ ዱቄት ላይ አሸት አሸት ታደርገዋለች። ዳቦ ጋጋሪው መጀመሪያ ይስቅባት ነበር፤ ኋላ ግን እሱ ራሱ አንድ እፍኝ አስቀምጦ ይጠብቃት ጀመር። ይህን አንድም ቀን አላጓደለችም፤ ታማ የቆመች ቀን እንኳ።

አንጀሊና ብርድ ልብሷን ሰብስባ እኔ የፈራሁትን ጠየቀች።

«ልጅቷስ፣ አላወቀችም?»

«ዳቦው ትኩስ ነበር» አሉ ጋሽ ዳዊ። «ምን ብላ ትጠረጥራለች?»

እኔ አየር ልቀበል ብዬ ወጣሁ። እግሬ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አቆመኝ። ንጋት ላይ ይዘሽ የምትገቢው ሽታ ያው ነው፣ እማዬ። ምንም አልተለወጠም። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ፤ ዳቦ ሻጩ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት እግዜር ያጽናሽ አለኝ። ሁለት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የሹራቤ እጅጌ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ለካ ክንዴን ሊጡ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ አስደግፌው ነው። ጋሽ ዳዊ አዩት። ጋሽ ወንዳፍራሽም አዩትና ዓይናቸውን ወደ ፊቴ አነሱ፣ ብዙ ቆዩ። ዳቦውን ለአራት ቆርሰን በላነው።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ሳለን፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አኩርፌ፣ የሰው እናት ማታ ማታ ቤቷ ናት ብዬሽ ነበር። አንቺ ሹራብሽን ለብሰሽ ወጣሽ። በማግስቱ ዳቦው ሦስት ሆኖ መጣ። ያን ቀን ሦስተኛውንም በላሁት። አመሰግናለሁ ሳልልሽ ይኸው ሃያ ሰባት ሞላኝ። አሁን ልበልሽ። ስለ ሁለቱም፣ ስለ ሦስተኛውም አመሰግናለሁ። የተማርኩት በዚያ ዳቦ ነው፤ ዛሬ የሰው ልጅ ተቀብዬ የማዋልደውም በዚያ ዳቦ ነው። ኮርቼብሻለሁ። ይህን ሌላ ሰው ሳይሰማ ልነግርሽ ፈልጌ ነው ወረቀቱን ያስረዘምኩት።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከመስኮቱ ጎን ተቀመጡ። ጎሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ ወደ ውጭ እያዩ ተናገሩ።

«እናትሽ ከመጡ የሠርጉን ብርጭቆ የማጥበው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢነካው እጣላለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ስገባ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ሰው ሁሉ ምን ነካቸው ይላል።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው እሑድ ነው። እጮኛዬ ጎሬ ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል። እማማ ኛቹዎል ላሟን መርጠዋታል፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ከዕድሜዬ ቀንሶ ይጨምርልኝ። አንቺ ማታ ሥራ ስትወጪ ቤታቸው ያሳድሩኝ የነበሩትን የእትዬ እሙዬንም ነፍስ ይማር። አዲሱን ነጠላሽን ለብሰሽ ነይ። ጥቁሩን ሹራብ ግን እዚያው ተዪው፤ እዚህ አያስፈልግሽም።

በትኩስ ዳቦ ያደገችው ልጅሽ