በቁምህ ያለቀስንልህ ቀን

ውድ ዳኛቸው፣

«ውድ» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ ደስ እንዳይልህ። መልእክትህ ደርሶኛል። «ዓይናዲስ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ግጥሙ የኔ መሆኑን ጽፈሽ ለመኩሪያ ላኪለት፤ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው» ትላለህ። መኩሪያ የመጽሐፍህን ምረቃ የመራው እሱ ስለሆነ፣ እኔ አንድ መስመር ከጻፍኩ በለንደን ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ገጽ ላይ አውጥቶ ስምህን ያጥብልሃል አሉ። ጽሑፍ ከፈለግህ ይኸው ጻፍኩልህ። ረጋ ብለህ አንብበው።

የተዋወቅንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችህን ታወር የሚሉትን የለንደን ግንብ ልታስጎበኝ ይዘሃቸው መጣህ። እኔ የሥራ ልብሴን ለብሼ ከግንቡ ደረጃ ሥር ቆሜ ጎብኚ አሳልፋለሁ። በአማርኛ ስመልስልህ ክው አልክ። በሌላ ቀን ብቻህን ተመልሰህ መጣህና ስለ ግንቡ እስረኞች ጠየቅኸኝ፤ እኔም የዚያችን ደንገጡር ታሪክ ነገርኩህ። በእንግሊዝ የቱዶር ነገሥታት ዘመን የንግሥቲቱ ደንገጡር የነበረች ገና ልጅ ናት። ባለሚስት መኰንን፣ ያውም ገጣሚ፣ ወደዳትና እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደችለት። ንግሥቲቱ ተቆጥታ ሁለቱንም እዚህ አሳሰረቻቸው። እሱ ተፈታ፤ ውሎ አድሮም ከሚስቱ ታረቀ። የእሷ ስም ግን በየአፉ ቀረ። በሴት ድምፅ የሚናገር አንድ ግጥም አለ፤ የእሱ ነው፣ የእሷ ነው እያሉ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

«የሱ ነው እንጂ!» አልክ፣ ምንም ሳታስብ። «እሷ ፍቅር ይዟታል፤ ግጥም ከየት ታመጣለች?»

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ «ደንገጡሬ» እያልህ ትጠራኝ ጀመር፤ ሹመት የተሰጠኝ ይመስል ደስ አለኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለኔ ነው።

የእናቴ መርዶ ስትሪትሃም ቤቴ ድረስ የመጣው ማለዳ ነበር። እትዬ ሸዋረጋ ከፊት፣ የማኅበሩ ሰዎች ከኋላ። በሩን ከፍቼ ነጠላቸውን ሳይ፣ ሳይናገሩ ገባኝ። ያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ አፕላይ አድርጌ መልስ እጠብቃለሁ፤ ከአገር ከወጣሽ ማመልከቻው ይሰረዛል ተብያለሁ። እናቴ አልታየሽ እኔ ሳልኖር ተቀበረች።

እዚህ አገር፣ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ እየተባለ፣ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ግን የሙሾ አውራጅ ልጅ ነኝ። መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ተነሣሁ።

ወረቀት ስጠብቅ፣ ቆሜ በሰው ደጅ፣
ቀበሯት እናቴን፣ እንደሌላት ልጅ።
ባሕር ማዶ ሆኜ፣ ጉንጭሽን ሳልስመው፣
አፈር ቀደመብኝ፣ ዘላለም ሊያከርመው።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ድንኳን ባይኖርም ሳሎኔ ድንኳን ሆነ። ለቅሶው እስኪነሣ ድረስ መላልሰን አልነው። እትዬ ሸዋረጋ ሲወጡ ግንባሬን ስመው፣ «ልጄ፣ በዚህ ከተማ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ጠፋ ብዬ ነበር። እኔንም አደራሽን» አሉኝ።

ለቅሶ ጠላት እንኳ ይደርሳል። አንተ ቀረህ። «አብረን ቁጭ ካልን ይነቁብናል» አልከኝ በስልክ። ማን መጣልኝ መሰለህ? ሚስትህ። ውብነሽ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ይዛ ሙሾዬን ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትቀበለኝ ነበር። ስትሄድም «ዳኛቸውን ና አብረን እንድረስላት ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ይቅር በይው እህቴ» አለችኝ። ሰው ሆኜ ከዚያ የባሰ አፍሬ አላውቅም።

ሰንበት ብሎ አንተ መጣህ። ደረትህ ላይ ተኝቼ ሳለሁ «ምን ብለሽ አለቀስሻት?» አልከኝ። ነገርኩህ። አለቀስክ፤ እውነት አለቀስክ፣ ይህን አልነሣህም። ወዲያው ግን ተነሥተህ እስክሪብቶ ፈለግህ። ሐዘኔን የተካፈልከኝ መስሎኝ እኔው ነኝ ያቀበልኩህ።

መጽሐፍህ ሊወጣ ሲል ካፌ ውስጥ አስቀምጠህ ነገርከኝ። «ያችን ነገር ትንሽ አስተካክዬ አስገብቻታለሁ። ስምሽን ያልጻፍኩት አንቺኑ ለመጠበቅ ነው።»

«የእናቴ ሙሾ ነው እኮ። ሴቶቹ በሙሉ ሰምተውታል» አልኩህ።

ሳቅህ። «ሙሾ እኮ እንደ እንባ ነው ዓይናዬ፤ ይደርቃል። ማን ያስታውሰዋል?»

ቡናዬን ጨርሼ ተነሣሁ። የተስማማሁ መሰለህ። አንተ ወንዶቹ ጋ ተቀምጠህ ፖለቲካ ስታወራ ነው ለቅሶ የምታውቀው፤ ሴቶቹ ዘንድ ምን እንደሚባል፣ የተባለው የት እንደሚቀመጥ ከየት ታውቃለህ? ቤቴ ስገባ ስልኬን አነሣሁና ለቅሶዬን የደረሱትን ሴቶች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። «ዳኛቸው ቶተንሃም መጽሐፍ ያስመርቃል። የአገራችን ልጅ ነው፤ ነጠላችሁን ለብሳችሁ አድምቁለት» አልኳቸው። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

አደመቁልህ! አዳራሹ ነጭ በነጭ ሲሆን አንተ ፊትህ በራ። መኩሪያ ማይኩን ሲሰጥህ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ «ይህን ግጥም እስከ ዛሬ ማንም አላየውም፤ ባለቤቴም አላየችውም። እኔ ለንደን፣ እሷ አዲስ አበባ በነበርንበት ዘመን ለእሷ የጻፍኩት ነው። ውብዬ፣ ስጦታሽ ነው» አልክ። ለእሷ እንደምታበረክተው ለኔ አልነገርከኝም። ሰው አጨበጨበ። ውብነሽ ፊት ረድፍ ላይ ሆና አፍራ ፈገግ አለች። አንተም አነበብክ።

ባሕር ማዶ ሆኜ፣ ጉንጭሽን ሳልስመው፣
ነፋስ ቀደመብኝ፣ ዘላለም ሊያከርመው።

አፈርን አውጥተህ ነፋስ አስገባህ። አንተ ሰውዬ፣ ነፋስ ምን ያከርማል? ስትሰርቅ እንኳ የሰረቅኸው ምን እንደሆነ አልገባህም።

የውብነሽ ፈገግታ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ተነሣች። ነጠላዋን አውርዳ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቀዘቀችው። እትዬ ሸዋረጋም አዘቀዘቁ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ተከተሉ። ከዚያ እትዬ ሸዋረጋ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቆርጠህ የጣልከውን ስንኝ አወጡት፤ «ወረቀት ስጠብቅ፣ ቆሜ በሰው ደጅ...» ሴቱ በአንድ ድምፅ «ቀበሯት እናቴን፣ እንደሌላት ልጅ!» ብሎ ተቀበለ። ወንዶቹ ነገሩ ባይገባቸውም ለቅሶ ነውና ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። መኩሪያ «እባካችሁ እናቶች፣ ፕሮግራም አለን!» ይላል፤ ማን ይሰማዋል? አንተ መጽሐፍህን ታቅፈህ መሃል ላይ ቀረህ። ለእናቴ ነበር የሚለቀሰው፤ ላየው ግን የሞትከው አንተ ነበርክ።

ሲበርድ ውብነሽ ጠየቀችህ። አልጮኸችም። «ዳኛቸው፣ አንተ ለቅሶው ላይ አልነበርክም። ይህን ከማን አፍ ሰማኸው?»

ዓይንህ ወደኔ ሄደ። እሷም ዓይንህን ተከትላ መጣችና አየችኝ።

እውነቱን ልንገርህ? ደስ ብሎኛል። ምሳ ስበላ ፊትህ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ደስታዬን ያጎደለው የውብነሽ ፊት ብቻ ነው፤ ወጥመዱን ላንተ እንጂ ለእሷ አላጠመድኩትም ነበር። ይቅርታ ልለምናት ሄጄ በሩን ሳትከፍት ሸኘችኝ። መብቷ ነው። እሱ የኔና የእሷ ጉዳይ ስለሆነ አንተ አትግባበት።

አሁን ደግሞ ግጥሙ «የዳኛቸው ነው» በይልኝ ትለኛለህ። እናቴን ሁለት ጊዜ ያለ ልጅ ልታስቀብራት? አልጽፍም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በምትኩ ቃል እገባልሃለሁ። መቼም ሁላችንም ሟች ነን። ያንተ ቀን ቀድሞ ከመጣ፣ ለቅሶህን እደርሳለሁ፤ እንዳንተ አልቀርም። ከሴቶቹ መሃል እቀመጣለሁ፤ ንፍሮውንም እቀምሳለሁ። የሆነ ሰዓት ላይ ሁሉም ወደኔ ዞረው «ዓይናዲስ፣ ገጣሚ አይደለም እንዴ፣ አንድ በይለት እንጂ» ይሉኛል። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ሰው እስኪበተን ድረስ ዝም እላለሁ።

የአልታየሽ ልጅ
ዓይናዲስ
ስትሪትሃም፣ ለንደን