የአባዬ ጫማ በአራት ኮርድ

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጊታሬን ከጎኔ አጋድሜ ነው። የግራ እጄ ጣቶች ጫፋቸው እንደ ተረከዝ ደርቋል፤ የቀኝ እጄ ጥፍሮች ደግሞ አድገው አድገው የሌላ ሴት መስለዋል። ክሩ የሚመታው በጥፍር ነውና መቁረጥ የለም። ፀጉር ቤት ያሉት ልጆች «ግማሽ ሙሽራ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ደንበኞቼ ግን ወደውታል። ራሳቸውን ሳጥባቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው «በቀኝሽ እባክሽ፣ በቀኝሽ እከክ አድርጊልኝ» ይሉኛል። አሠሪዬ መጀመሪያ «ይሄን ጥፍርሽን ካልቆረጥሽ» እያለች ስታጉረመርም ከረመች። አንድ ቀን እሷኑ አጠብኳት፤ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለችም።

ጊታር መማር ጀምሬያለሁ ስልሽ «አንቺ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። አልፈርድብሽም። በቤታችን ዘፋኟ አንቺ ነሽ፤ እኔ ከሥር ከሥርሽ እያልኩ የማጅብ ነበርኩ። ለምን እንደጀመርኩ ግን አልነገርኩሽም። የጀመርኩት ባንቺ ምክንያት ነው።

ጉሮሮሽን ቀዶ ጥገና ከተደረገልሽ በኋላ ሐኪሙ «ድናለች» ሲለን እኛ ሌላ ምን እንፈልጋለን፣ ተቃቅፈን ዘለልን። አንቺ ግን «ድምፄ የወንድ ሆነ» ብለሽ ዘፈን የሚባለውን እርግፍ አድርገሽ ተውሽው። ባልሽ እንኳ «ሳህን ስታጥብ ዝም፣ ልብስ ስታጥፍ ዝም፤ ቤቱ ጭር አለብኝ» ብሎኛል። ከዚያ የእማዬ ሰባኛ ዓመት መጣ። ምን ይገዛልሽ ብንላት «ዕቃስ ሞልቶኛል። ሁለታችሁ ሆናችሁ የአባታችሁን የጫማ ዘፈን ዝፈኑልኝ» አለች። አንቺም «እመጣለሁ እማዬ፣ መዝፈኑን ግን እርሺው» አልሻት። «እሺ የኔ ልጅ» አለችሽ። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ያንኑ አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ስታጥበው ቆመሽ ብታዪያት ኖሮ አንጀትሽ አይችልም ነበር።

መቼም የጫማውን ዘፈን አልረሳሽውም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየማለዳው አንድ ጫማ ይጠፋበታል። «ያንዱ እግሬ ጫማ ወዴት ገባች?» እያለ በዚያ ወፍራም ድምፁ ቤቱን ይዞረዋል። እኛም ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አልጋ ሥር ናት! አልጋ ሥር ናት!» እንላለን፤ አንቺ በቀጭኑ፣ እኔ ከሥርሽ። ጫማዋን አልጋችን ሥር የሚከታት ራሱ እንደነበረ እማዬ የነገረችን ካደግን በኋላ ነው። ልጅ በቁጣ ከሚነሳ በሳቅ ይነሳ ባይ ነበር።

ምድር ቤት የሚኖሩት ካፒቴን ትዝ ይሉሻል? ሕንፃው በሙሉ ካፒቴን ቢላቸውም እሳቸው የመርከብ ምግብ አብሳይ ነበሩ። አንድ ጊዜ መርከባቸው ተበላሽታ ወደብ ላይ ስትጠገን፣ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ፍላሜንኮ የሚሉትን የስፔኖች የጊታር አመታት ተምረው ተመለሱ። እኔም የፀጉር ሰው ነኝና ይሆንልኛል ብዬ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ሰው ለማጀብ ስንት ኮርድ ይበቃል?» አልኳቸው።

«ማንን ነው የምታጅቢው?»

«እህቴን።»

ጥቂት አሰቡና «አራት» አሉኝ። «ግን አራቱን በደንብ።»

ኮርድ ማለት ክሮቹ አብረው ሲመቱ የሚሰጡት ድምፅ ነው፤ አራቱ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ እና ኢ ናቸው። ደረጃ እንደመውረድ ነው፤ እያንዳንዱ ካለፈው ዝቅ ይላል። መውረዱስ ቀላል ነበር። የኔ ጣጣ ማረፉ ላይ ነው። ኢ ላይ ስደርስ ነገሩ ያላለቀ፣ አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ይመስለኛል። ስለዚህ ከኪሴ አምስተኛ እጨምርና ተመልሼ ኤ ማይነር ላይ ዘፍ እላለሁ።

«ወዴት ነው?» ይላሉ ካፒቴን።

«ወደ ቤት ልመለስ ብዬ ነዋ።»

«አንቺ ልጅ! ሳሎንሽ ገብተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ቤቴ ወዴት ነው ትያለሽ? ፍላሜንኮ ውስጥ ቤቱ እታች ነው። ውረጂና ተቀመጪ!»

እጄ አልሰማ አለ። ካፒቴን ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና፣ አምስተኛዋን በጨመርኩ ቁጥር ጠረጴዛውን ቷ! ያደርጉታል። እንደዚያ ስንባባል ከርመን አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ መጣሁ። ኢ ላይ ስደርስ ለመነሳት አቅም አጣሁና እዚያው ዝም ብዬ ቀረሁ። ክሮቹ ሲጮኹ፣ ሲጮኹ፣ ቀስ ብለው ሲያርፉ ሰማኋቸው። ካፒቴን ነጠላ ጫማቸውን አንስተው እግራቸው ላይ አደረጉ። እኔም ለካ እስከዛሬ ከቤቴ እየወጣሁ ነበር ቤቴን የምፈልገው ብዬ ሳቄ መጣ።

ከዚያ ዘፈናችንን ይዤላቸው ሄድኩ። አንቺ ድሮ በምትዘፍኚበት ከፍታ እያዜምኩ ኮርዶቹን እዚያው ላይ አስቀመጥናቸው። ከዲ ማይነር ተነስቶ ኤ ላይ ያርፋል። ደስ ይላል፣ ግን ላንቺ እንደማይሆን ሆዴ ያውቀዋል። ልምምዱም እጅ እጅ አለኝ። አንድ ቀን ታዲያ በመጀመሪያዎቹ አራት ኮርዶች እጄን ሳፍታታ፣ ኤፍ ላይ ስድስቱንም ክሮች ጥርሴን ነክሼ ስጫናቸው፣ ካፒቴን ጮኹብኝ።

«ቀጭኗን ክር ማን እነቂ አለሽ? ልቀቂያት!»

ጂ ላይም ኤፍ ላይም ለቀቅኳት። እታለም፣ ብትሰሚው! ወፍራሞቹ ክሮች ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ቀጭኗ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ድምፅዋ አንድ ነው፤ ከሥሯ ያለው ሲቀየር ግን አንዴ የከፋት፣ አንዴ ልትስቅ የደረሰች ትመስላለች።

«ሀርመኒ ማለት ይሄ ነው» አሉኝ። «አጃቢ ሁልጊዜ ከሥር ይሂድ ያለ የለም። አንዳንዴ እሱ ከላይ ይቆይና ዋናው ከሥር ይሄዳል።»

ጊታሩን እንደታቀፍኩ ብድግ አልኩ። «ካፒቴን፣ ዘፈናችንን ዝቅ ማድረግ ይቻላል?»

«ለምን አይቻልም? መነሻውን ቀይሪው፣ ይወርዳል። ጊታር እንደ ሰው አይኮራም።»

ለካ ዝቅ ሲል የሚያርፈው እነዚያው መጀመሪያ ያስተማሩኝ አራቱ ላይ ኖሯል! እኔ የድሮ ድምፅሽን ሽቅብ ስፈልግ፣ የአሁኑ ድምፅሽ ቦታው እታች ተነጥፎ ይጠብቀው ነበር።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣልሽ። እባክሽ አትቆጪ።

እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ስልክ መዝጋት ሰው ፊት ላይ በር መዝጋት ይመስላታል። «ደህና ሁኚ» ትልና ስፒከሩን እንደከፈተች መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የምትዘጊው ሁሌም አንቺ ነሽ። እሑድ ዕለት ምሳ እየሠራሽ ስለነበር፣ እጅሽ ተይዞ ይሁን ረስተሽው፣ አልዘጋሽውም። እኛም አላወቅንም። እኔ ጊታሬን አንስቼ ዝቅ ያለውን ዘፈናችንን ጀመርኩ። አንዴ ዞርኩት፣ ደገምኩት። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ድምፅ መጣ።

«ያንዱ እግሬ ጫማ ወዴት ገባች?»

ጎርነን ያለ፣ ሰፊ ድምፅ፣ አራተኛው ኮርድ ላይ ቁጭ አለ። እጄን አላቆምኩም። ባቆም የምትበሪ መሰለኝ። እማዬ እጇ ውኃ እያንጠባጠበ ከወጥ ቤት ወጣች። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ስንዞር፣ ስንዞር፣ ጣቶቼ ሊገነጠሉ ደረሱ። ከሥር ካፒቴን ሰምተው ኖሮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየመቱ ያጨበጭቡልናል! እማዬ አፏን በእጇ ሸፍና፣ በሹክሹክታ፣ «አልጋ ሥር ናት» አለች። አንቺ አልሰማሽም። «ውይ ድስቱ!» ብለሽ ጮኽሽ፣ ስልኩም ተዘጋ። እኛ በሳቅ ወለሉ ላይ ተዘረጋን። ሆድ ያባውን ስልክ አወጣው።

እህቴ፣ ድምፅሽ የወንድ ሆኗል ያልሽው ውሸት ነው። የአባዬ ነው የሆነው። ልጅ ሆነን የኛን መልስ ነበር የምትዘፍኚው፤ እሑድ የዘፈንሽው የእሱን ጥያቄ ነው፣ ሳታውቂው። እማዬ ከሳቋ መለስ ስትል «ከጠፋ የቆየ ሰው ተመልሶ ጫማውን የጠየቀ መሰለኝ» አለችኝ። እንባዋን ጠረገችና ደግሞ ሳቀች።

ስለዚህ በበዓሏ ቀን ቦታ እንለዋወጣለን። አንቺ ከታች ትጠይቂያለሽ፣ እኔ እንደ ቀጭኗ ክር ከላይ ሆኜ እመልስልሻለሁ። አፍረሽ ብትዘገዪም ግድ የለም። ደረጃውን ወርጄ አራተኛው ኮርድ ላይ እጠብቅሻለሁ፤ አምስተኛ አልጨምርም።

ደግሞ አልዘፍንም ለማለት ካሰብሽ እማዬ ቀድማሻለች። ትናንት የአባዬን ጫማ ከሳጥን አውጥታ ጠረገችው። አንደኛው እግር በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሌላኛው የት እንደገባ ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ ትልቋ ልጄ ስትመጣ ትጠይቅ» አለችኝ።

ከላይ የምትጠብቅሽ፣
ግማሽ ሙሽራዋ እህትሽ