ሞጣ ላይ የጠፉት ፎቶዎች

ሰኞ
ሰውየው ዛሬ በሰው ፊት አዋረደኝ። የተመራቂዎቹን ዝርዝር ከነፎቶው በፍላሽ ይዤ ከቢቸና ሞጣ ድረስ ሄድኩ። የኮሌጃችን ዋና ሬጅስትራር አቶ ይበልጣል በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው በየፎቶው ቦታ ባዶ ሳጥንና ቀይ ኤክስ። «ፎቶ ሳትሰበስቢ ሳጥን ሠርተሽ መጣሽ?» አለኝ። ጸሐፊዋ ሳቀች። እስከ አርብ ካላመጣሁ የቢቸናውን ቅርንጫፍ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስድስት ዓመት የሠራሁበትን።

ማክሰኞ
ቢሮዬ ገብቼ ከፈትኩት። ሁሉም ፊት አለ፣ ዓይኑን የጨፈነው እንኳ። ፎቶዎቹን በራሱ የሚደረድርልኝን የማክሮ ትእዛዝ ቁልፍ ደግሜ ስጫን እያንዳንዱ ፎቶ ከየስሙ ጎን ቁጭ አለ። መጠናቸውን ቀነስኩ። ፍላሹን አጸዳሁ። የፋይሉን ስም ቀየርኩ። ምንም ችግር የለም።
ስለዚህ ያጠፋው እሱ ነው። የእህቱን ልጅ በእኔ ወንበር ሊያስቀምጥ እንደሚፈልግ ማን ያጣዋል? ለኮሌጁ ዲን አቤቱታ ጻፍኩ። «ሆን ብለው ሥራዬን አበላሽተዋል» የሚለውን ሁለት ቦታ አስገባሁት። በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላክሁ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ
ለማስረጃ እንዲሆነኝ በቀለም ላሳትም ሰይድ ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ። ሰይድ ፋይሉን ከፈተ። ከዚያ «ፎቶው የታለ፣ እህቴ?» አለኝ።
ያው ባዶ ሳጥን።
ቢሮ ተመልሼ ለመሞከር ያህል ፎቶዎቹ የተቀመጡበትን ፎልደር ስም ቀየርኩና ፋይሉን ከፈትኩ። እኔም ጋ ጠፉ። ለካ ከኢንተርኔት የገለበጥኩት ማክሮ ፎቶውን ፋይሉ ውስጥ አያስገባም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚመዘግበው። ፎቶዎቹ ከእኔ ኮምፒውተር ወጥተው አያውቁም።
ሾፌሩ ጋ ደወልኩ። ደብዳቤውን ትናንትና አድርሷል።

ሐሙስ
ከማክሮው አንድ መስመር ነው የቀየርኩት፣ ፎቶው ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ። ሰይድ ጋ ወስጄ ሞከርኩት፤ ሁሉም ፊት ወጣ። ሰውየውን ግን አሁንም አልወደውም። ልክ ስለነበረ ደግሞ የበለጠ ጠላሁት።

አርብ
ሞጣ። አቶ ይበልጣል ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። አንድም ሳጥን አልቀረም። «ጥሩ» አለ። ከዚያ ከመሳቢያው ደብዳቤዬን አወጣ፤ ዲኑ ግርጌው ላይ «መልስ ይሰጥበት» ብሎ መርቶለታል።
«ፎቶው እንዴት እንደጠፋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ» አለኝ። «መልሱን ጻፊው፤ እኔ እፈርማለሁ።»
ይቅርታ ልለው አስቤ «እሺ፣ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። ቢቸና ደርሻለሁ። የመልሱ ወረቀት ከፊቴ ነው። እስካሁን ቀኑንና «ጉዳዩ» የሚለውን ብቻ ጽፌያለሁ።