በሩ ክፍት ሳለ ስለተዘለለው ግንብ

ለተከበሩ የከተማችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከእጅዎ ለማይለየው ስልክዎ ጤንነት ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስታዲየሙም በር ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል።

ጽሕፈት ቤትዎ «የወሩ አርአያ» ብሎ በገጹ ባወጣው ቪዲዮ ውስጥ ያለው ክፉ ዘበኛ እኔ ነኝ። ዝነኛው ሯጫችን እንደተረከው፣ በልጅነቱ ሊለማመድ ሲመጣ ዘበኛው በዱላ ስለሚያባርረው ግንብ እየዘለለ ይገባ ነበር። ሕዝቡ ለእሱ አልቅሷል፣ እኔን ረግሟል። ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ዱላው አመሰግናለሁ። በእጄ የያዝኩት ሁልጊዜ ቁልፍ ነበር። ልጁ ጎረምሳ ሳለ ሰዓቱ ሳይደርስ በሩን እከፍትለት፣ ሩጫ የሥራ ፈት ነው የሚሉት አባቱ እንዳይጥሉበትም ጫማውን ከአልጋዬ ሥር አስቀምጥለት ነበር። የመጀመሪያ ሜዳሊያውን ያመጣ ቀን አንገቴ ላይ አጥልቆ የጫማው ማስቀመጫ ኪራይ መሆኑን ነግሮኛል። በዚያ ሰዓት ስልክ ደግኖ የቆመ ሰው ስላልነበረ፣ እንዳልሆነ ይቆጠራል ማለት ነው።

2ኛ. ስለ መሰላሉም አመሰግናለሁ። ሯጩ ከካሜራ ሰዎች ጋር መጥቶ፣ ጉንጬን ስሞ፣ አባባ እያለ መሰላል ሲለምነኝ የጫማ ማስታወቂያ መስሎኝ ከመጋዘን አወጣሁለት። ግንቡ ላይ ሲወጣ እንዳይወድቅብኝ ሰግቼ ከሥር ደግፌ ይዣለሁ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ሲባል እሰማ ነበር፤ ነካሹ እንዳይደክመው መሰላል የያዘ ግን ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

3ኛ. ስለ ልጅ ልጄ። እሷም ሯጭ ናት፤ የእሱን ፎቶ ሳታይ አትተኛም። ቪዲዮውን አይታ እውነት መሆኑን ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ያ ሁሉ ሰው ላይክ ያደረገው ውሸት ሊሆን እንደማይችል፣ አያቷ ግን ሊረሱ እንደሚችሉ በትሕትና መለሰችልኝ። ዛሬ የሰፈሩ ልጆች ክፍቱን በር ትተው፣ እርስ በርስ እየተቀረጹ ግንቡን ይዘላሉ። እሷም ዘለለች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋችለት የሯጮች መምረጫ ውድድር እግሯ በጀሶ እንደታሰረ አለፈ። ውሃ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

4ኛ. ቪዲዮው ከገጹ እንዲነሳ ለማመልከት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ብዙ ተመልካች ስላለው እንደማይነሳ ጸሐፊዎ አስረድታኛለች። እኔ ፊደል የለየሁት ሰው በጣለው ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ላይ ነው። ያን ጊዜ የተሳሳተ ነገር ከወጣ በማግስቱ እርማት ይወጣ ነበር። ስህተት ብዙ ሰው ካየው ሽልማት እንደሚሰጠው ስላስተማራችሁኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ትምህርት አግኝቻለሁ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ይቅርታ አልፈልግም፤ የሕዝቡም እርግማን አልፎ ይሄዳል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሯጩ ስልኩን ቤቱ ትቶ ይምጣና፣ ከልጅቷ አልጋ ጫፍ ተቀምጦ፣ በሩን ማን ይከፍትለት እንደነበር ይንገራት። የእኔን ቃል አላመነችም፤ የእሱን ታምናለች። አርአያ ያላችሁት ለዚህ ካልሆነ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዱላውን ፈልጎ ያጣው፣ ቁልፉን ግን ያልጣለው፣
ታዛዥዎ የስታዲየሙ ዘበኛ

ማሳሰቢያ፦ ሯጩ በልጅነቱ ይዘለው ነበር የተባለው ግንብ የተገነባው፣ እሱ ሁለተኛ ሜዳሊያውን ካመጣ በኋላ፣ ትልቁን ፎቶውን ለመስቀል ነው። ልጅ ልጄ ያኔ ገና ትድህ ስለነበር አታውቅም። እርስዎ ግን የምረቃውን ሪባን ቆርጠዋል፤ መቀሱን ያቀበልኩዎትም እኔ ነኝ።