ከበሩ በስተግራ ያለው ወለል

ክሬን ፎርክ፣ ኬንታኪ
ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.

ለውድ ወንድሜ ለዶይል፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። እውነቱን ልንገርህና፣ ተቀይሜሃለሁ። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም። ቢሆንም ሰላምታ ይቀድማልና ልጠይቅህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? እዚያ ነዳጅ ማውጫው ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል ብለህ ከጻፍክላት ወዲህ፣ እዚህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እማዬ መስኮቱ ጋ ሄዳ ትቆማለች። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። የአባባ ሳል በረድ ብሎለታል፤ የከሰል መኪናውንም እንደ ድሮው ይነዳል።

ታናሽህ ራንዳል ነገ ይፈርማል። አባባ በስልክ ሳይነግርህ አይቀርም። ከምሳ በኋላ ጂምናዚየሙ ውስጥ ጠረጴዛ ይቀርባል፣ የኮሌጁ ሰው ለቅርጫት ኳስ የሚሰጠውን የነጻ ትምህርት ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ተማሪው ሁሉ ከክፍል ይወጣል። አንተ የፈረምክበት ያው ጠረጴዛ ነው። አንድ እግሩ አሁንም ይወዛወዛል።

ከበሩ በስተግራ ያለውን ወለል መቼም አልረሳኸውም። ጣሪያው ሲያፈስበት የኖረው፣ ኳስ ሲነጥርበት እንደ ሊጥ ውጦ የሚያስቀረው፣ ጉድጓዱ የምንለው። እንዳለ ነው። አምና የትምህርት ቤቱ ቦርድ ተነቅሎ ይሠራ ቢል ሰዉ አዳራሹን ሞላው። ነዳጅ ማደያ ያለው ሆበርት ተነሣና “ስድስተኛ ተጫዋቻችንን ልታባርሩብን ነው?” አለ። ተሳቀ፤ በዚያው ቀረ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ወደዚያ ይነዱታል፤ ኳሱ ይሞትበታል፤ ራንዳል ይለቅምና ይሮጣል። የእኛ ልጆች ግን ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ወደ ግራ አለመሄድን ይለምዳሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ወለሉ ነው ያስተማራቸው። ስምህ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ልክ ከጉድጓዱ በላይ ነው።

የጨዋታውን መዝገብ አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። መዝገቡን ሲይዙ የኖሩት አቶ ኤስቲል ዓይናቸው ሲደክም አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ። አፍ የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። “በሰው ሜዳ ዓይንሽ ያየውን ጻፊ፤ እዚህ ግን ልብሽ ያየውን” አሉኝ። ስለዚህ ራንዳል ያቀበለው ልጅ ኳሱን አራት ጊዜ አንጥሮ፣ ሁለት ሰው አልፎ ቢያገባም፣ ነጥቡን ያመቻቸው እሱ ነው ተብሎ ለራንዳል ይጻፋል። ራንዳል ኳስ ሲያበላሽ ደግሞ ጥፋቱ በተቀባዩ ስም ይገባል። “እጁን ለምን አልዘረጋም?” ይላሉ። ጻፍኩ። ዓመቱን ሙሉ ጻፍኩ።

በሳይንስ ደብተሬ ጀርባ ላይ ግን ዓይኔ ያየውንም ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። በሃያ ስድስት ጨዋታ ራንዳል ወደ ግራ የሄደው አሥራ አንድ ጊዜ ነው፤ ዘጠኙን ተነጥቋል። በራሳችን ሜዳ ሃያ አራት ነጥብ የሚያገባ ልጅ፣ በሰው ሜዳ ዘጠኝ ካገባ ብዙ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ የኮሌጁ ተጫዋች መልማይ መጣ። ቦታ ስለጠፋ በእኔና በአቶ ኤስቲል መሃል ወንበር አስገቡለት። ራንዳል ሃያ ሰባት አገባ፤ ጉድጓዱ ብቻውን አራት ኳስ በላለት። ሰውዬው ግን ሞኝ አልነበረም። መዝገቡን ገልጦ አየና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “እህቱ ነሽ አሉኝ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ግራውን ይችላል?” አለኝ። ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። አቶ ኤስቲል ቀደሙኝ። “ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ግራ አለው? እግዜር ሁለት ቀኝ እጅ ነው የሰጠው” አሉ። ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ ሰውዬውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ዶይል። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የግምገማው ወረቀት ግልባጭ ለአባባ መጣለት። ራት ላይ ባቄላው እስኪቀዘቅዝ ሁለት ጊዜ አነበበልን። ቁመቱ አጠር ያለ፤ ፍጥነቱ ጥሩ፤ ሜዳውን የሚያይበት ዓይን ከዕድሜው የቀደመ፤ ሁለቱንም እጁን እኩል ይጠቀማል። እዚያ ሲደርስ አባባ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና “ሰማህ አንተ? እኩል ነው የሚለው” አለው። ራንዳል አንገቱን ደፋ። ጥቂት የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን አገር ሙሉ እያጨበጨበለት ሰው እንዴት አድርጎ ያውቀዋል? ያን ቃል የጻፈው መልማዩ አይደለም፤ የእኔ ዝምታ ነው። አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ።

አንተ ከኮሌጅ የተመለስክ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ነው ሻንጣህን ይዘህ የመጣኸው። ሰዉ “ናፍቆት ነው፤ የእናቱ ልጅ ነው” አለ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ይላል። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለእማዬ ያልካትን ሰምቻለሁ። “በመጀመሪያው ሳምንት አወቁብኝ እማ። ከዚያ በኋላ በቀኜ ሰው እያቆሙ ወደ ግራ ይነዱኝ ጀመር፣ እንደ በግ። ኋላማ መሳቁንም ተዉት” አልካት። እማዬ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ለማንም ትንፍሽ አላልክም። ይኸው ባለፈው ወር ለራንዳል በላክኸው ካርድ ላይ “ስማችንን አስጠራ” ብለህ ጻፍክ። የተቀየምኩህ ለዚህ ነው። እኔ ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። አንተ ግን ሩቅ ነህ፣ ወረቀት አለህ፣ ሰባት ዓመት ነበረህ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አቶ ኤስቲልን ጠጋ ብዬ “ለራንዳል ብነግረውስ?” አልኳቸው። “ተይ ልጄ፣ ለመብረር በተነሣ ወፍ ላይ ድንጋይ አይወረወርም” አሉኝ። “ዶይልስ?” አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና “ዶይልማ ናፍቆት ነው” ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ያን ወለል ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብለው ያዩት እሳቸው ናቸው።

የኮሌጁ ልምምድ የሚጀምረው ኦክቶበር ላይ ነው። ስድስት ወር አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ላይ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ቢሠራ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። ላይደርስም ይችላል። ለአንተ ግን ያን ስድስት ወር እንኳ የሰጠህ ሰው የለም። እፈርማለሁ ቢል ይፈርም። ለኮሌጁ ሰው እነግረዋለሁ ቢል ይንገረው፤ ዕድሉ ቢቀርበትም ይቅርበት። ብቻ አውቆ ይሁን። አባባ ይቅር እንደማይለኝ አውቃለሁ። አንተም ስለ ደረጃው በመጻፌ ታዝንብኝ ይሆናል።

እማዬ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልካልሃለች፤ ትንሿ ቀዳዳ የድመቷ ሥራ ናት፣ አትሳቅባት። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ “ገና ላይ ይምጣ፣ ራንዳል ሲጫወት አብረን እንሄዳለን” ይላል። ራንዳልም ሰላም ብሎሃል። ለነገ ያንተን ኮት ነው የሚለብሰው፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፍቶታል።

መዝገቡን ነገ ለአቶ ኤስቲል እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ ጠዋት ከራንዳል ጋር መንገድ ዳር ቆመን የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ የሳይንስ ደብተሬን ጀርባውን ገልጬ እሰጠዋለሁ። ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ቦርሳውን ይይዛል። በግራው ይቀበለኛል።

እህትህ ትዊላ